ብስክሌቱን ያስቀሩበት ፊልም

በምኖርባት ዝናባም የሆላንድ ከተማ፣ በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ አንድ አሮጌ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት አለ። ተመልካቹ ግራጫ ካባ ደርቦ፣ ግማሽ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ይመጣል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ንግግሩን ተመልካቾቹ ይጨርሱለታል። ፊልሙ አዲስ በነበረበት ጊዜ ዞሮ ያየው አልነበረም ይባላል፤ አሁን ግን ወዳጆቹ እንደ ዓመት በዓል ያከብሩታል። በአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራ ሴት ባለፈው ዓመት ቲኬት ይዛ መጣችና፣ «ይህን ካላየሽ ምን አየሽ!» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

«የት?»

«ናዝሬት።»

«ኢየሱስ ያደገበት?»

«አይደለም፤ የእኛ ናዝሬት።»

«ታዲያ አልወደድሽውም?»

«ብስክሌቱን አስቀርተውታል።»

ሻይዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። ፊልሙ ከአንድ የሥዕል መጽሐፍ፣ ከኮሚክ የተወሰደ ነው፤ በኮሚኩ ውስጥ ብስክሌት እንደነበረ የሚያውቁት በልጅነታቸው ያነበቡት የአገሯ ሰዎች ብቻ ናቸው። እኔ ግን አላነበብኩትም ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ሳላነበው በማንበቤ ነው።

አባቴ ከከምባታ ለሸንኮራ ቆረጣ ወንጂ መጥተው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ፋብሪካ ገብተው የመፍጫውን ማርሽ ግራሶ የሚቀቡ ሠራተኛ ሆኑ። ጣታቸው በሳሙና ቢሉት በአሸዋ ቢሉት አይጠራም ነበር። በምንኖርበት የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃሉ፤ ጌታን በመውደዳቸውና ብስክሌታቸውን በመውደዳቸው። ብስክሌቷን ማታ ማታ ቤት ያስገቧታል። እናቴ፣ «ከኔ ይልቅ እሷን ነው ብርድ እንዳይነካት የሚጨነቁላት» ትል ነበር።

ደርግ መጥቶ እርሻውና ፋብሪካው ሲወረስ ባለቤቶቹ ሆላንዶች ሻንጣቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የኖሩባቸው ቪላዎች ሲጸዱ አባቴ አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት በብስክሌታቸው ጭነው አመጡ። ልናነበው አይደለም። በካምፓችን ወረቀት የሚፈለገው ለግድግዳ ነበር፤ ያልተለጠፈ ግድግዳ ትኋን ያፈራል። እናቴ የዱቄት ሙጫዋን አፍልታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መለጠፍ ጀመረች። እኔ ወረቀት አቀባይ ነበርኩ። ከካርቶኑ ሥር ግን ሽፋኑ የወለቀ፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አገኘሁ።

ግራጫ ካባ የለበሰ፣ ግማሽ ፊቱን የሸፈነ ሰው ረጅም ብስክሌት ላይ ተቀምጦ በቤቶች ጣሪያ ጫፍ ላይ ይሄዳል። ካባው ከኋላው ይንሳፈፋል፤ ዝናብ ይዘንባል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

«አምጪው እንጂ፣ ሙጫው እየደረቀ ነው» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ይህን አትለጥፊው።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣ «መንፈሳዊ ነው» የሚል ሆነ።

አባቴ በር ላይ እጃቸውን እየታጠቡ ነበርና ሰሙ። «መንፈሳዊ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ምን ይላል?»

ጽሑፉ በሆላንድ ቋንቋ ነው። ፊደሉን በእንግሊዝኛ ክፍል አውቀዋለሁ፤ ቃሉን ግን አንዱንም አላውቀውም። ሥዕሉን አየሁ። «ይህ ሰው የእግዚአብሔር ሰው ነው። ሰው በተጨነቀ ጊዜ ደወል ይሰማዋል። ያን ጊዜ ተንበርክኮ ይጸልይና ይደርስለታል።»

«በምን ይደርስለታል?»

«በብስክሌት።»

«በብስክሌት!»

ግራሶ እንዳይነካው መጽሐፉን በሁለት እጃቸው አንጓ መካከል አድርገው ተቀበሉኝ። ያን ያህል የተጠነቀቁለትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ ሲመለሱ፣ ከራት በፊት አንድ ገጽ «አንብቢልኝ» ይሉኛል። እኔም አነብላቸዋለሁ። ሰውየው በኔ አንባቢነት የማይሰርቅ፣ የማይጠጣ፣ እናቱን የሚጦር ሆነ። አብራው የምትታየው ባለ ቀይ ከንፈር ሴት እህቱ ነች አልኩ። አባቴ ስም አወጡለት፤ «ወንድም ባለብስክሌቱ»።

ሌላው ነገር እዚህ ላይ ካልተነገረ የፍርሃቴ ልክ አይታወቅም። በዚያ ጊዜ የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር። ምእመናኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእኛ ቤት በሚስጥር ይሰበሰባሉ። ሽፋናችን የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነበር። አባቴ ከፋብሪካው የወደቀ ቆርቆሮ ጥቁር ቀብተው ሰሌዳ ሠሩ፤ በላዩም «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ተጻፈበት። የቀበሌው ካድሬ በሰፈሩ ሲያልፍ በመስኮቱ አጠገብ ያለው ሰው ያስላል፤ ያን ጊዜ መዝሙሩ ቆሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሀ! ሁ! ሂ!» ይላል። ካድሬው በኛ ደስተኛ ነበር። አንድ ቀን ብቻ አንገቱን በበር አስገብቶ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየና፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ሀ ላይ ናችሁ እንዴ?» አለ።

«ጓድ፣ መሠረቱን እያጠበቅን ነው» አለች እናቴ።

እውነቱ ግን ሰሌዳውን ቀና ብሎ ያየው ሰው አለመኖሩ ነው። ከመካከላችን አጥርተው ያነብቡ የነበሩት ሽማግሌ ወደ መተሐራ ፋብሪካ ከተዛወሩ በኋላ፣ ወንጌሉን የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትልልቅ ሰዎች፣ ሸንኮራ የሚቆርጡ፣ ቦይ የሚጠርጉ፣ እግራቸውን ሰብስበው ከኔ አፍ ይጠብቃሉ። ያነበብኩትን «አሜን» ይሉታል። እንግዲህ አስቡት። አባቴ አንድ እሑድ ከቃሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ የወንድም ባለብስክሌቱንም ታሪክ አካፍያቸው» አሉኝ። ከአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ድምፅ ሁለቱንም አነበብኩ። «አሜን» አሉ።

መጽሐፉ ፍጻሜ አልነበረውም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰውየው በሰፊ ወንዝ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱ ከላይ እየተበጠሰ ነው። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ተቀድዷል። ይህን ስነግራቸው አጠገባችን የሚኖሩት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው ሴት አለቀሱ። በጸሎት ሰዓት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታ ሆይ፣ የታሰሩትን አስብ፤ የታመሙትን አስብ፤ በገመድ ላይ ያለውን ወንድማችንንም አስብ» ሲሉ ሰማሁ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ አሉ። በሚቀጥለውም። ልናገር ብዬ አፌን ስንት ጊዜ ከፈትኩ! ግን የኮሚኩን ታሪክ የፈጠርኩት ከራሴ ነው ብል፣ ወንጌሉንስ ማን ያምነኛል?

(እዚህ አገር መጥቼ ቋንቋውን ከተማርኩ በኋላ ያንኑ ኮሚክ በአሮጌ ዕቃ ገበያ አግኝቼ አነበብኩት። ተንበርክኮ ይጸልያል ያልኩት ቦታ ላይ አንድ እግር ጫማውን አልጋ ሥር እየፈለገ ነው፤ ያወጣውንም ቃል እዚህ አልጽፈውም። ለሕዝብ ይሰብካል ያልኩት ቦታ ላይ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ እየተቆጣ ነው። እህቱም እህቱ አይደለችም።)

በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ሊሞላን ሲል፣ አባቴ የብስክሌት ጎማ ሊገዙ ናዝሬት ሄደው፣ ጎማውን በትከሻቸው እንዳጠለቁ እየተጣደፉ ተመለሱ።

«ልጄ! ወንድማችን ፊልም ሆኖ መጥቷል!»

«የቱ ወንድማችን?»

«ባለብስክሌቱ ነዋ! ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቅለዋል። ካባው ራሱ፣ ጭምብሉ ራሱ!»

እሑድ ነገሩ ለጉባኤ ቀረበ። በእኛ ዘንድ ሲኒማ ቤት መግባት ጠላ ቤት ከመግባት እኩል ነው።

አንድ ቦይ ጠራጊ፣ «ሲኒማ የገባ አማኝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ።

እትዬ ግን፣ «ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ እያለ ቤቴ ልቀመጥ ነው?» ብለው ተነሡ። «ይውረድ አይውረድ ማወቅ አለብን።»

ብዙ ተባለ። በመጨረሻም ጉባኤው፣ እንደ ሰላይ ሁለት ሰው ሄዶ አይቶ ወሬውን ያምጣ ብሎ ወሰነ። አንዱ አባቴ። ሁለተኛው የፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይሁን ተባለ፤ ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ያን ሳምንት እንደ ጸለይኩት ጸልዬ አላውቅም። መጀመሪያ ቅዳሜ ቀን በናዝሬት መብራት እንዲጠፋ ለመንኩ። ቆየት ብዬ ሆስፒታል የተኙትን አሰብኩና፣ የሲኒማ ቤቱ ብቻ ይጥፋ ብዬ አስተካከልኩ። ሐሙስ ሆዴን አመመኝ አልኩ። እናቴ ኮሶ ላጠጣሽ ስትል ተሻለኝ።

ቅዳሜ ሆነ። አባቴ የዓመት በዓል ኮታቸውን ለበሱ። እኔ ብስክሌቱ ኋላ ባለው መጫኛ ላይ በጎን ተቀመጥኩ። በሸንኮራው መካከል፣ ከዚያም በሜዳው፣ አቧራው እያንገበገበን ሄድን። አባቴ ፔዳሉን እየረገጡ ይዘምራሉ። «እንግዲህ ገመዱን ማን እንደያዘለት እናያለን» ይሉኛል ዞር ብለው። እኔ የመብራት ምሰሶዎቹን እያየሁ አንዱ እንኳ ባዘመመ እል ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ገባን። መብራት አልጠፋም። አዳራሹ በሰው፣ በሱፍ ፍሬ ቅርፊትና በጩኸት የተሞላ ነበር። መጀመሪያ ለብሔራዊ መዝሙሩ ሁላችንም ቆምን። ስንቀመጥ አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሰው ሳያያቸው ብዬ እጅጌያቸውን ሳብኩ።

ፊልሙ ተጀመረ። የመጀመሪያው ነገር መጠጥ ቤት ነው። ግራጫው ካባ ወንበር ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ በአንድ እጁ ብርጭቆ፣ በሌላው እጁ ባለ ቀይ ከንፈሯን ሴት ይዟል። እሷም እንደ እህት አልነበረም የምታየው።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ማነው ይኼ?»

የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአሥር ቃል አንዱን ብሰማ ነው። «ሌላ ሰው ነው፣ አባባ።»

«ካባው የወንድማችን ነው።»

«ሰርቆት ነው።»

ይህን ስል ውስጤ ትንሽ እፎይ አለ። መንገድ የተገኘ መሰለኝ። ሰውየው ግን ከመጠጥ ቤቱ ወጥቶ፣ እንደ ጎሽ የሚያጓራ ጥቁር ሞተር ሳይክል ላይ ተቀመጠ።

«ብስክሌቱስ?»

«ሸጦት ይሆናል።»

አባቴ ወገባቸውን የተመቱ ያህል አቃሰቱ። ካባ መስረቁን ችለውት ነበር፤ ብስክሌት መሸጡን አልቻሉም።

ከኋላችን ከባሏ ጋር የተቀመጠች የናዝሬት ሴት፣ የሱፉን ቅርፊት እየተፋች፣ «እናንተ! ስብሰባ ነው ወይስ ፊልም?» አለች።

ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ቀጠልን። ሰውየው በሞተር ሳይክሉ የሚያመልጥ በሆነ ቁጥር አዳራሹ በፉጨት ይናጋል፤ አባቴ «ኧረ ያዙት!» ይላሉ በጥርሳቸው መካከል። ነጭ ሱፍ የለበሰ፣ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ መጣ። ብዙ አሽከሮች ነበሩት።

«እኚህስ?»

ነጭ ልብሳቸውንና ሽበታቸውን አየሁ። «የወንድማችን አባት ናቸው። ካባውን ሊያስመልሱ መጡ።»

«እሰይ» አሉ አባቴ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከሽማግሌው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሽማግሌው አንድ ቤት ሲያቃጥሉ፣ «ተቆጥተው ነው» አልኳቸው። «ቢቆጡስ ምን ይገርማል» አሉኝ።

መሐል መሐል ላይ ግን እኔም የራሴ ኀዘን ነበረብኝ። የወንድም ባለብስክሌቱን እያንዳንዷን ሥዕል በዓይነ ሕሊናዬ አውቃታለሁ። ዝናቡን፣ የደወሉን ምልክት፣ ጎማው የጣሪያውን ጫፍ ሲነካ ያለውን ዝምታ። እዚህ ዝናብ የለም፤ ደወል የለም፤ ዝምታማ ጨርሶ የለም። እዚህ ያለው ጭስና ሞተር ነው። ሰውየው የኔን ቃላት አለመናገሩን እንኳ እሺ ልበል፤ ያን ጣሪያ እንዴት ይተዉታል? ብዋሽም፣ ያን ጣሪያ አልዋሸሁም ነበር።

አባቴ ጠጋ ብለው፣ «ወንድማችን ራሱ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል።

«ይመጣል፣ አባባ።»

በመጨረሻ የሽማግሌው አሽከሮች ባለካባውን ይዘው አሰሩት። ወንዝ ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። በዚያ ጸጥታ መካከል አባቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሁለቱ ጥቁር እጆቻቸው አጨበጨቡ፤ «እሰይ! ተያዘ! ጌታ ይመስገን!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ከጨለማው ውስጥ አንዱ፣ «ጴንጤ ነው እንዴ?» አለ። በዚያ ዘመን ይህ የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም። ያዳነችን ከኋላችን ያለችው ሴት ናት፤ ሳቋን ለቀቀችውና አዳራሹ ተከትሏት ሳቀ።

«አባቴ፣ ለማን ነው የሚያጨበጭቡት? አክተሩ እኮ እሱ ነው!»

«የቱ?»

«የተንጠለጠለው ነዋ!»

«እሱማ ሌባ ነው።»

«ምን ሌባ! ዋናው ሰው እኮ ነው። ክፉው ሽማግሌው ናቸው፤ ቤት ሲያቃጥሉ አላዩም? ኧረ ይቺ ልጅ ምንድነው ስትነግርዎት የቆየችው?»

አባቴ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ወደኔ አልዞሩም። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ ከጥያቄው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ገመዱ ሊበጠስ ሲል ሞተር ሳይክሉ ማንም ሳይነዳው ብቻውን መጥቶ ሰውየውን ከሥር ተቀበለው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሳምንት በሳምንት እንባ የፈሰሰበት ጉዳይ በዚህ አለቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ብስክሌቷ ላይ አልወጡም፤ እየገፏት ሄዱ። እኔ በሌላኛው ጎን ኮርቻውን ይዤ እራመዳለሁ። አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ «አካም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ብለውን ሲያልፉ አባቴ ባርኔጣቸውን ብቻ ነካ አደረጉ። የከተማው ቤቶች አልቀው ሜዳው ሲጀምር ተናገሩ።

«ብስክሌቱን ለምን አስቀሩት?»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። «አላውቅም፣ አባባ» አልኩና እንባዬ መጣ። «እኔም እሱን ነው የጠበቅሁት።»

«ሥዕሉ ላይ ግን አለ።»

«አለ። እሱን አልዋሸሁም።»

«ጸለየ ያልሽውስ?»

«ተንበርክኮ ስላየሁት ነው።»

«ተጽፏል ወይ?»

«ምን እንደተጻፈ አላውቅም። ቋንቋውን አንድም ቀን አውቄው አላውቅም።»

ሸንኮራው ጋ ስንደርስ ብስክሌቷን አቆሙና፣ «ወንጌሉስ?» አሉኝ።

«እሱማ በአማርኛ ነው፣ አባባ። እሱን የተጻፈውን ነው የማነበው።»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉ። አልተቆጡም። እውነት መልስ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

በማግስቱ ቤታችን ጢም አለ። እትዬ ከሁሉ ቀድመው መጥተዋል። «ወረደ ወይ?» አሉ ገና ሳንቀመጥ።

አባቴ፣ «እዚያ ያለው የኛ ወንድም አይደለም» አሉ። «ብስክሌት የለውም። የቀረውን ልጄ ትነግራችኋለች።»

ተነሥቼ ነገርኳቸው። ሙጫውን፣ ግድግዳውን፣ የማላውቀውን ቋንቋ፣ ሁሉንም።

እትዬ እጃቸውን በጉንጫቸው አደረጉ። «ታዲያ ያ ሁሉ ጸሎቴ?»

«ጸሎት አይባክንም» አለች እናቴ። «የሆነ ቦታ የተንጠለጠለ ሌላ ሰው ደርሶት ይሆናል።»

አንዳንዶች ፈገግ አሉ። እትዬ ግን አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወንጌል አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ሌሎቹም እንደዚሁ። የሚመሰክርልኝ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ የሚያነብ የለምና።

አባቴ ተነሡ፤ ወደ ቆርቆሮው ሰሌዳ ሄደው ጠመኔ አነሡና ጣታቸውን «ሀ» ላይ አደረጉ። ቤቱ ተደናገጠ። እናቴ ወንጌሉን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሁለት ሰዎች በፍርሃት «ሀ! ሁ! ሂ!» ማለት ጀመሩ።

«ካድሬው መጣ?» አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

«አልመጣም» አሉ አባቴ። «እውነቴን ነው። ይህ ምን ይባላል? ልጄ፣ አስተምሪኝ።»

ወንጌሉ ሳጥን ውስጥ ገባ። ለወራት በቃል የምናውቀውን ብቻ እየዘመርን፣ በቃል የምናውቀውን ብቻ እየተባባልን ቆየን። እኔ እሑድ እሑድ ጥግ እቀመጣለሁ፤ ከሥራ መልስ ግን አባቴን አስተምራለሁ። እልኸኛ ተማሪ ነበሩ። ማርሽ እንደሚፈታ ሰው ፊደሉን ከየአቅጣጫው ያዩታል። «ይህ እግሩ ለምን ተቆረጠ?» ይላሉ። «ይህ ቀለበት የገባለት ለምንድነው?» ካድሬው ሲያልፍ ሰሌዳው ላይ «ለ»ን አይቶ፣ «በመጨረሻ!» አለ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ አመሰገነን።

አንድ ቀን ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱ። ወንጌሉን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጠው ጣታቸውን በቃሉ ሥር አስሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ገጽ ለመጨረስ ፀሐይዋ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ሄደች።

ቀና አሉ። «ይህን አላነበብሽልንም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማን ማንን እንደወለደ የሚዘረዝረው፣ ስም በስም ላይ የተደረደረበት ቦታ ነው። እውነታቸውን ነበር። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ስም ጠርቼ ወደ ልደቱ እዘል ነበር።

«ስም ብቻ ስለሆነ ነው፣ አባባ። ሰው ይሰለቻል ብዬ ተውኩት።»

«ማን ሰለቸኝ አለሽ?»

«ማንም።»

«እነዚህ ሰዎች ምን አድርገውሽ ነው የተውሻቸው?» አሉ። እውነት ያዘኑላቸው ይመስሉ ነበር። «ሌላስ የተውሽው አለ?»

«የለም።»

«እናያለን።»

እሑድ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። የተዘለሉትን ሰዎች አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል እየጠሩ አነበቡ። አንዱ ስም ላይ አራት ጊዜ ወደቁ፤ አራት ጊዜ ተነሡ። ጉባኤው ከስሙ ጋር አብሮ ሲታገል ቆይቶ፣ ስሙ ሲወጣ «አሜን!» ይላል። እትዬ እንደ ወለደች ሴት ነበር እፎይ የሚሉት። ሰዓቱ በሙሉ በስም አለቀ፤ የተነሣ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻውን ስም ሲጨርሱ ላባቸውን ጠረጉና ወንበሩን ግማሹን ለቀቁልኝ። «ከዚህ ወዲያ አንቺ ቀጥዪ» አሉኝ። መጽሐፉን ግን አልሰጡኝም፤ በሁለታችን ጉልበት መካከል ዘርግተው፣ ግራሶ የበላውን ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አደረጉ። ማንበብ ጀመርኩ። ጣታቸው ከድምፄ አንድ ቃል ወደ ኋላ ሆኖ ይከተለኛል። ስፈጥን መታ መታ ያደርጉታል፤ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሲደርሱ «ቀጥዪ» ይላሉ።